የኦኔቶር መቀነት

ጦር በሚዘምትበት አገር ሁሉ አንድ ማሰሪያ ጎታች አለ። ስፓርታም ሂዱ ቴብም ሂዱ፣ ወይም እዚሁ አቴና ቁጭ በሉ፤ አንድ ሰው ጋሻውን አንስቶ ከደጁ በወጣ ቁጥር ይህ ፍጡር ከሆነ ጥግ ብቅ ይላል። የደረት ጥሩርህን ከትከሻ እስከ ዳሌ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ሳትጠራው እጁን በብብትህ ሥር ሰዶ ማሰሪያህን ይጎትታል። የጦር አለቆቻችን ይለዋወጣሉ። ወዳጆቻችን ጠላት፣ ጠላቶቻችን ወዳጅ ይሆናሉ። ማሰሪያ ጎታቹ ግን ከትሮይ ጀምሮ ያው ነው፤ የትሮይን ፈረስ ሆድ ሳይቀር «ይቺ ሳንቃ ላልታለች» ብሎ የነካካ አንድ ሰው እንደነበር አልጠራጠርም።

የእኛው ኦኔቶር ይባላል። ከፓርነስ ተራራ ሥር የመጣን የአንድ መንደር ሰዎች የሰጠነው ሙሉ ማዕረጉ «ሊቀ ጥሩራን ኦኔቶር» ነው። አጭር ነው፣ እግሩ ወልገድ ያለ፣ አፉ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ አውራ ጣቱ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ። የኖረው ወይራ በመትከል ነበር። የስፓርታ ጦር በየዓመቱ እየመጣ ወይራውን ቆርጦ ከጨረሰበት፣ እኛም በርና መስኮታችንን ሳይቀር ነቅለን ከተማው ቅጥር ውስጥ ከታጨቅን በኋላ ግን፣ ክቡርነታቸው ሙሉ ጊዜያቸውን ለእኛ ደረት ሰጡ።

አንድ ቃል አለው፦ «ይቺ ታስገድልሃለች።» አዲስ ጥሩር ለበስክ፣ ይቺ ታስገድልሃለች። የአያትህን ለበስክ፣ ይቺ ታስገድልሃለች። አንዱ ጎረቤታችን በሰርጉ ቀን ነጭ ልብስ ለብሶ አክሊል ደፍቶ ሲወጣ ኦኔቶር የቀሚሱን ጫፍ ጎተት አድርጎ ያንኑ ቃል ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የተልባ ጥሩር፣ ማለትም በሙጫ የተደራረበ የተልባ እግር ጨርቅ፣ የለበሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ዋናው ማሰሪያ በግራ ጎን ነው፣ ጋሻው በሚሸፍነው በኩል። ስለዚህ ኦኔቶር ሥራውን ለመሥራት የግራ ክንድህን ማንሳት ይፈልጋል፤ አንተ ደግሞ እሱን ለማምለጥ የግራ ክንድህን ከጎድንህ ጋር ታጣብቃለህ። በጊዜ ብዛት ይህ የመንደራችን አካሄድ ሆነ። ገበያ መሐል ባዶ እጁን፣ ጥሩር ሳይለብስ፣ ግራ ክንዱን ወደ ጎኑ ጨምቆ የሚሄድ ሰው ካያችሁ የኛ ሰው ነው። አንድ ሐኪም ችግሩ የተራራችን ውኃ እንደሆነ በእርግጠኝነት አስረድቶናል።

ምክሩ ጠቃሚ ቢሆን እንኳ በታገሥነው። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት አይጥ የተልባውን ሙጫ እየበላ አስቸገረን። ሊቀ ጥሩራን መድኃኒቱን አገኙ፤ ጥሩሩ ከምድጃ በላይ በጢስ ውስጥ ይሰቀል። ሰቀልን። አይጡ እውነትም ጠፋ። እኛ ግን ሰልፍ ገብተን ጋሻ ለጋሻ ስንገጥም ከፊታችን የቆሙት ወገኖቻችን ዞር እያሉ፣ «ዓሣ የሚያጨሰው የትኛው መንደር ነው?» ይሉ ጀመር። ኋላ ደግሞ ሙጫው በሙቀቱ ደርቆ በየቦታው ተሰነጠቀ። ተሰብስበን ሄደን አሳየነው።

«ተሰንጥቋል፣ አያ ኦኔቶር።»

ጣቱን በስንጥቁ ውስጥ ከተተና ጥቂት አሰበ። «እየተነፈሰ ነው» አለ።

ፈረሰኞቹም አላመለጡትም። ከመንደራችን ፈረስ መቀለብ የሚችለው ፍራሲክልስ ብቻ ነበር፤ ጨዋ፣ ቀይ፣ ምግብ የሚወድ ሰው። ጥሩሩ የአባቱ ነው፤ ሁለት ክፍል ያለው ነሐስ፣ ፊትና ጀርባ፣ በጎን የሚገጠም። አንጥረኛው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ደረት፣ የሆድ ጡንቻና እምብርት ሳይቀር ቀርጾበታል። ችግሩ ፍራሲክልስ ከውስጥ መሆኑ ነው።

ኦኔቶር በመንገድ አስቆመውና የነሐሱን እምብርት በጣቱ አንኳኳ።

«ይሄ እምብርት የማን ነው?»

«ጥሩሩ የአባቴ ነው፣ አያ።»

«እሱማ ያስታውቃል። አባትህ ሆድ አልነበረውም። ያንተን የት ልታስቀምጠው አሰብክ?»

«ፈረሴ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«አየሁት። እሱም እንደኔ አዝኗል። ይቺ ታስገድልሃለች።»

ፍራሲክልስ ጨዋ ስለሆነ ጥሩሩን አወለቀለት። ኦኔቶር በጎን የቀረውን ክፍተት በበግ ቆዳ ሞላው። ከዚያ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ጭኑን እንዳይወጋው ብሎ የነሐሱን የታችኛውን ከንፈር በመዶሻ እየቀጠቀጠ እንደ ደወል ከፈተው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፈረሱ ሶምሶማ ባለ ቁጥር የሰይፉ እጀታ ከነሐሱ ጋር እየተጋጨ ይደውላል። ፈረሰኛው ጦር ሲመጣ መንጋ የሚመራ ፍየል የመጣ ይመስል ነበር።

ፍራሲክልስ በጦርነቱ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የወጋው ጦር ሆዱን አላገኘውም፤ በጉሮሮው ነው የገባው። ኦኔቶር ይህን ሲሰማ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ጉሮሮውን አላየሁለትም» አለ። ይህንኑ እየደጋገመ ለቀናት እህል አልቀመሰም። እኛ ከኋላው ሆነን እንሳለቅ ነበር። መሳለቅ ካልሆነ ሌላ የምናደርገው ነገር አልነበረንም፤ በየጸደዩ እንወጣለን፣ በየበጋው አንሰን እንመለሳለን።

ከምክሩ ሁሉ የባሰው መቀነቱ ነው። ተልባም ልበስ ነሐስ፣ ከሥሩ ወገብህን በሱፍ መቀነት መጠምጠም አለብህ፤ አለበለዚያ የጥሩሩ ጠርዝ ዳሌህን ይልጠዋል። መቀነቱን ሴቶቻችን ከቤት በተረፈ ክር ሸመኑት፤ የኛ ቤት ጥቁርና ቢጫ ነበር፣ የጎረቤታችን ነጭና ቡናማ፣ የኦኔቶር ቤት ቀይ። ቋጠሮውን ግን ለማንም አይሰጥም። ራሱ በአውራ ጣቱ ጨምቆ፣ የአሳማ ጆሮ የመሰለ አስቀያሚ ነገር አድርጎ እምብርትህ ላይ ያስረዋል። ያ ቋጠሮ በጥርስም በጥፍርም አይፈታም። ማታ ሚስቶቻችን በቢላ እየቆረጡ ስሙን እያነሱ ይራገማሉ።

«በዚህ በጋ ሱፍ?» ትለዋለህ።

«ዳሌህ ተልጦ ስትመለስ ደጄን እንዳታንኳኳ።»

ወደ ቦዮትያ ምድር፣ ወደ ዴልዮን በዘመትንበት ዓመት ታናሽ ወንድሜን ዴክሲስን ሲያስረው አጠገባቸው ነበርኩ። ዴክሲስ ለነገር አያንስም። «አያ ኦኔቶር» አለው፣ «ሚስቴ እንኳ እንዲህ አጥብቃ አልያዘችኝም።»

«ሚስትህማ የት ይሄድብኛል ብላ ነው» አለ ኦኔቶር። «ክንድህን አንሳ።»

በዴልዮን ተሸነፍን። ስለ ሽንፈቱ ብዙ አልልም፤ በወጣትነቴ ከከተማው የንግግር መምህራን እግር ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ድፍረትና ስለ ፍርሃት ልዩነት የተማርኩትን ሁሉ ያን ቀን በሜዳው ላይ እየሮጥኩ ጣልኩት። የተሸነፈ ሬሳውን በዕርቅ ይለምናል፣ ያሸነፈ ይሰጣል፤ የግሪኮች ልማድ ይህ ነው። ያን ጊዜ ግን ቦዮትያውያን ቤተ መቅደሳችንን አረከሳችሁ ብለው ከለከሉን። ከግማሽ ወር በላይ መልእክተኛ ሲመላለስ፣ የኛ ሰዎች በፀሐይና በዝናብ ሜዳ ላይ ተኝተው ቆዩ።

ሲፈቀድልን ሄድን። ያገኘነው ፊት አልነበረውም። ጥሩሩን፣ ራስ ቁሩን፣ ገምባሌውን፣ ቀሚሱን ሳይቀር ገፈው ወስደውታል። ከየመንደሩ የመጡ አባቶችና ወንድሞች በሬሳ መካከል እየተንከራተቱ እጅ ያያሉ፣ ጥርስ ያያሉ፣ ኋላ ሁሉም አንድ ላይ ተቃጥሎ ማን የማን አጥንት እንደሆነ ሳይታወቅ በጥድ ሣጥን እንደሚጫን ሲረዱ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ።

የኛ ሰዎች ወገብ ላይ ግን መቀነቱ ነበረ። ድል አድራጊም አፍንጫ አለው፤ የሰው ላብ የጠጣ ሱፍ ማን ይወስዳል? ቋጠሮውንም መፍታት የቻለ የለም። የአሳማ ጆሮውን ያየን እንደሆነ የመንደራችን ልጅ ነው፤ ቀለሙን ስናይ የማን ቤት እንደሆነ እናውቃለን። ዴክሲስን ያወቅሁት በጥቁርና በቢጫ ነው። ለብቻው አቃጠልኩት፣ አጥንቱን ለብቻው በማሰሮ አመጣሁት። ዛሬ እናቴ ወይን የምታፈስበት፣ ስሙን የምትጠራበት ድንጋይ አለ።

ኦኔቶር በዚያ ሜዳ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄድ ነበር። ከአንዱ ልጅ ወገብ ላይ ቋጠሮው ላላ ብሎ አየና ጎንበስ ብሎ አጠበቀው።

ወደ ከተማ ስንመለስ በመንገድ ጠየቅሁት። «አያ ኦኔቶር፣ ለዚህ ብለህ ነው?»

«ለምኑ?»

«እንድንለያቸው።»

«ዳሌ እንዳይልጥ ነው» አለ። «የወንድምህ ዳሌ አልተላጠም። አይተሃል።»

ሌላ ነገር ከአፉ አላወጣሁም። ሁለት ወንዶች ልጆች እንደነበሩት ግን ሁላችንም እናውቃለን። ወረርሽኝ ከተማውን በመታበት ዓመት እሱ ራሱ በትኩሳት ተዘርሮ ሳለ ሁለቱም ሞቱ፣ ሰዎችም አንስተው ወሰዷቸው፤ ያን ጊዜ ሰው ሬሳውን ባገኘው የሌላ ሰው እሳት ላይ ጥሎ ይሸሽ ነበር። የትኛው እሳት እንደሆነ የነገረው የለም።

እንግዲህ የሊቀ ጥሩራን የዕድሜ ልክ ሥራ ሲመዘን ይህን ይመስላል። ከሞት ያዳነው ሰው አላውቅም። ያደረገልን ነገር ቢኖር የትኛው ሬሳ የማን እንደሆነ ማወቃችን ነው፤ በዚህ ጦርነት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ያደረገልንን ሰው ግን ቆጥሬ አላገኘሁም።

ልጄ ፊሊኖስ ያደገው በዚህ መሐል ነው። ከተማው ሁሉ በሲሲሊ ዘመቻ ወሬ በሰከረበት ዓመት ስሙ ለዘመቻው ተጠራ። እኩዮቹ ከዴልዮን በኋላ ያደጉ ስለሆኑ መቀነቱን እንደ እባብ ይሸሹታል። እናቱ ሚካ ግን ጥቁርና ቢጫውን ሸምና ጨረሰችና በጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ይታጠቀው» አለች።

«አይፈልግም።»

«አንተ ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

ፊቷን አዞረች። ይታጠቅ ዘንድ ንገረው ማለት፣ ስትሞት እንዳላጣህ በለው ማለት ነው። ዝም ማለት ደግሞ በባዕድ ሜዳ ላይ ስም የሌለው ሥጋ ሆኖ እንዲቀር መተው ነው። ስለ ፍትሕ ግማሽ ቀን መናገር የሚችል አንደበት ነበረኝ። ልጄ አጠገብ ሄጄ ግን መቀነቱን ብቻ ዘረጋሁለት።

«አባባ፣ ይሄ የሬሳ ምልክት ነው» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «እኔ የምሄደው ልሞት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት። መቀነቱንም መልሼ አጠፍኩት።

መርከቦቹ በሚነሱበት ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ፒሬዎስ ወደብ ወርዶ ነበር። ወይኑ በወርቅና በብር ጽዋ ለአማልክት ይፈሳል፣ መለከት ይነፋል። ኦኔቶር ለዘመቻ ዕድሜው አልፏል፤ በትር ይዞ ወርዶ በተሰለፉት ወጣቶች መካከል እየተሹለከለከ ማሰሪያ ይጎትታል። ሲቀርብ ያየ ሁሉ ግራ ክንዱን ይጨምቃል። ልጄም ጨመቀ።

«ጥሩርህ አዲስ ነው» አለው ኦኔቶር።

«አዲስ ነው፣ አያ።»

«ማን ነው የሰፋው?»

«እዚሁ ከተማ ነው ያሠራነው።»

«ይቺ ታስገድልሃለች። ክንድህን አንሳ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ፊሊኖስ ቶሎ ይገላገል ብሎ ክንዱን አነሳ። የሽማግሌው እጅ በብብቱ ሥር ገብቶ ጠፍሩን ፈታ፣ ወደ ወገቡ ወረደ፣ እዚያ ቆመ።

«መቀነትህስ?»

«ይሞቃል፣ አያ።»

ኦኔቶር በትሩን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ የራሱን መቀነት ይፈታ ጀመር፤ ሟች ሚስቱ የሸመነችውን ቀዩን፣ ዘመን አልፎበት የጡብ ቀለም ያለውን። ሲፈታው ቀሚሱ ተዘርግፎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ።

«ሽማግሌው ዋኝቶ ሊከተለን ነው» አለ አንዱ ከመርከብ ላይ። ወደቡ በሳቅ ሞላ።

ተንበርክኮ በተከፈተው ጥሩር ሥር መቀነቱን በልጄ ወገብ ዙሪያ አዞረ። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ እጁ አልታዘዝለት አለ። ይቋጥራል፣ ይንሸራተታል። እንደገና ይሞክራል፣ ይንሸራተታል። ፊሊኖስ ፊቱ ቀልቶ ከሰው ራስ በላይ ባሕሩን ያያል።

ኦኔቶር ቀና ብሎ አየኝ። «ሄርሞን፣ ና እሰርለት» አለ።

ቋጠሮውን ማን አስተማረኝ? ማንም። ስንት ወገብ ላይ እንዳየሁት ግን አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። ልጄ ልብሱን ራሱ መልበስ ከቻለ ወዲህ ወገቡን ይዤ አላውቅም ነበር፤ ሆዱ ሲተነፍስ በጣቶቼ ይሰማኝ ነበር። እዚያው ቀስ ብዬ ቆየሁ፣ ሰው ቋጠሮው ያስቸገረኝ መሰለው።

«አጥብቀው፣ አባባ» አለኝ በዝግታ፣ አሁንም ወደ ባሕሩ እያየ።

አጠበቅሁት። ጥሩሩን ገጥሜ የጎኑን ጠፍር አሰርኩ። ኦኔቶር ጎተተው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቀሚሱን በእጁ ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ሄደ። ቤት ስገባ ሚካ ጥቁርና ቢጫውን በስንቅ ከረጢቱ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱና ከጨው ዕቃው ሥር አጥፋ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ። ልጄ ሳያውቅ የሁለት ቤት መቀነት ይዞ ሄዷል።

ወሬው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። መርከቦቹ የሉም። ጦሩ የለም። ከሞት የተረፉት በሲሲሊ በምትገኘው በሲራኩስ ከተማ ድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ተጥለዋል ይባላል። ሬሳ በዕርቅ ለመለመን የሄደ መልእክተኛ የለም፤ ከባሕር ማዶ ማን ይለምናል? አልፎ አልፎ አምልጦ የመጣ አንድ ሁለት ሰው በወደቡ ላይ ይታያል፤ ሰው ይከበዋል፣ ስም ይጠራለታል፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል።

ኦኔቶር እነዚህን ሰዎች አያመልጣቸውም። ዓይኑ ደክሟል፤ በትሩን እየተመረኮዘ በድምፅ ይፈልጋቸዋል። «ቀይ መቀነት የታጠቀ ልጅ አላያችሁም?» ይላል። «ቋጠሮው የአሳማ ጆሮ የመሰለ።»

«ልጅህ ነው፣ አባት?» ይሉታል አዝነው።

ኦኔቶር አይመልስም። እኔም አጠገቡ ቆሜ አላርምም። አንድ ቀን አንድ ደግ ሰው በሲሲሊ ሜዳ ላይ ያንን ቋጠሮ አይቶ የቀዩ ቤት ልጅ ነው ብሎ ለብቻው አፈር አልብሶት እንደሆነ፣ በኦኔቶር ልጅነት ይቀበር። ቅር አይለኝም። አልቅሰን የምናፈስለት ወይን ሁለታችንንም ያገለግላል።

አሁን ጠላት ደጃችን ላይ ሰፍሯል። ቅጥሩን የምንጠብቀው እኛ የደከምነውና ለዘመቻ ያልደረሱት ነን። ዛሬ ጠዋት ተራዬ ደርሶ የአባቴን የተልባ ጥሩር ከምድጃው በላይ አወረድኩ፤ የተሰነጠቀውን፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን። ለብሼ ወጣሁ። ሊቀ ጥሩራን ቅጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸውን በገመድ አስረዋል።

«ማነው?»

«ሄርሞን ነኝ፣ አያ።»

«ቅረብ እስኪ።» በትሩን ተመርኩዞ ተነሳ። ጣቱ በትከሻዬ ላይ ወጣ፣ ስንጥቁን አገኘ፣ በስንጥቁ ላይ ዘገየ። «ይቺ ታስገድልሃለች» አለ።

«አውቃለሁ፣ አያ» አልኩት።

ዘብ የሚለውጡት ጎረምሶች በአጠገባችን እያለፉ ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው ጨምቀው ይስቃሉ። እኔ ግራ ክንዴን አነሳሁለት፣ እስኪጨርስም ድረስ አላወረድኩትም።